ዳገቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ሰሜንን ለማወቅ አቅጣጫ ጠቋሚ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ጉልበት ይበቃል። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ወደ ካዛንቺስ፣ ከካዛንቺስ ወደ አራት ኪሎ፣ ከአራት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚያቀና እግረኛ፣ በመሐል ቁልቁለትና ሜዳ ቢያጋጥመውም፣ ምድሩ ከእግሩ ሥር ቀስ እያለ ሲነሣ ይሰማዋል። መኪና ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ የለም። ለሚራመድ ሰው ግን ከተማው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዳገት ነው፤ የዳገቱም ራስ እንጦጦ ነው።

ካዛንቺስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ተቀምጧል። የእንጦጦ ከፍተኛ ጫፍ ደግሞ ወደ 3,200 ሜትር ይጠጋል። ራስ ዳሽንን የወጣ ሰው በዚህ ቁጥር ፈገግ ይል ይሆናል፤ ያኛው ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና። ሆኖም ራስ ዳሽን የሚሄዱበት ተራራ ነው፤ እንጦጦ አብረውት የሚኖሩት ተራራ ነው። ወደ ሩቁ ሰው በዕቅድ፣ በመሪና በበቅሎ ይሄዳል። ወደ ቅርቡ አንድ ማለዳ በሩን ዘግቶ ብቻውን ይወጣል።

ከካዛንቺስ እንጦጦ ሙሉ ሆኖ አይታይም። በሁለት ሕንፃ መካከል አንድ ቁራጭ ጥቁር አረንጓዴ፣ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በላይ አንድ ቀጭን መስመር፣ ከጎዳናው ጫፍ ደመና የተደገፈው ትከሻ ሆኖ ይታያል። በሐምሌና በነሐሴ ይሰወራል፤ መስከረም ሲጠባ ታጥቦ ይመለሳል። በበጋ ማለዳ የምድጃና የመኪና ጢስ ሲጋርደው የራቀ ይመስላል፤ ዝናብ ካባራ በኋላ ዛፎቹ አንድ በአንድ የሚቆጠሩ እስኪመስል ይቀርባል። ተራራው ግን ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። የሚያርቀውና የሚያቀርበው በመካከል ያለው አየር ነው።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፊው የካዛንቺስ ክፍል በኮሪደር ልማት ሥራ ፈረሰ። ቆርቆሮ ጣራዎቹ፣ ሻይ ቤቶቹ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፉት መተላለፊያዎች ተነሡ፤ በእድርና በእቁብ የተሳሰሩ ጎረቤቶች ወደ ከተማው ዳር ሄዱ። ግድግዳ በነበረበት ለጊዜው ሰማይ ሆነ። ሰፈሩን ለዓመታት የሚያውቅ ሰው እንኳ የት እንደቆመ ለማወቅ ቀና ብሎ ሰሜንን መፈለግ ነበረበት። ሰፈር ሲፈርስ ሰው የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ከጥያቄዎቹ መካከል አንዱ ድምፁ ዝግ ያለ ነው፦ ያልተነሣው ምንድን ነው? ዳገቱ አልተነሣም። ቤቱም መንገዱም ቢለወጥ፣ ከካዛንቺስ ወደ ሰሜን የሚራመድ ሰው ዛሬም ሽቅብ ይሄዳል።

ብቻን መሄድ በእኛ ዘንድ ብዙም የተለመደ አይደለም። ለብቻው ምሳ የሚበላ ሰው ያሳዝነናል፤ ለብቻው ሲራመድ የምናየውን «ምን ገጥሞት ይሆን?» እንላለን። ለብቻነት የምናውቀው በቂ ምክንያት ሱባኤ ነው። ስለዚህ ከተራራው የሚወርዱ አንዲት እናት በማለዳ ሽቅብ የሚሄድ ብቸኛ ሰው ሲያጋጥማቸው ጀሪካን ይዞ እንደሆነ እጁን ያያሉ። «ወደ ኪዳነ ምሕረት ነህ ልጄ? ጸበል ነው?» ይላሉ። «አይ እናቴ፣ እንዲሁ ነው» ይላል። ጥቂት ያስቡና «በል እርሷ ትጠብቅህ» ብለው ያልፋሉ። እንዲሁ የተነሣ ሰውም ምርቃት ይዞ ይወጣል።

ሽቅብ የሚሄደው መንገድ ወደ ኋላም ይሄዳል። ከታች አዲሱ አስፋልትና አዳዲሶቹ መብራቶች አሉ። ጥቂት አለፍ ሲባል በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው፣ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የመሠረቱበት የአፍሪካ አዳራሽ ይገኛል። ከዚያ የምኒልክ ግቢ በአጥሩ ውስጥ በዛፍ ተከልሎ ያልፋል። አራት ኪሎ ላይ ያለው ሐውልት ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም.ን፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከስደት ወደ ከተማዋ የተመለሱበትን ቀን ይዞ ቆሟል። ስድስት ኪሎ ላይ ያለው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም.ን፣ የከተማዋ ሕዝብ የተጨፈጨፈበትን ቀን ይዞ ቆሟል። የሚወጣ ሰው መጀመሪያ መመለሱን ያገኛል፤ ከፍ ብሎ የመመለሱን ዋጋ ያገኛል። ከሁለቱም በላይ፣ ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የደፉባት የእንጦጦ ማርያም አለች። ከእርሷ ሥር ያለው ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የቀዘቀዘ ነው፤ ዕድሜው 20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይሆናል። እዚያ ሲደረስ መቁጠሩ ራሱ ይቀራል።

እስከ ሽሮ ሜዳ ዳገቱ ለዘብ ያለ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች የሠሩት ነጠላና ቀሚስ ከየሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ጥለቱ ማለዳውን ያደምቃል። ከሽሮ ሜዳ በላይ አስፋልቱ መጠማዘዝ ይጀምራል፤ ሚኒባሶቹ በአንደኛ ማርሽ ያቃስታሉ፤ የእግረኛውም ወሬ ያጥራል። ወሬው ከራሱ ጋር ነው። ከካዛንቺስ ሲነሣ አእምሮው ሥራ ላይ ነበር፦ የቤት ኪራይ፣ ያልተመለሰ ስልክ፣ ትናንት የተባለ ክፉ ቃል፣ ለዚያ ቃል ሊሰጥ ይገባ የነበረ ምላሽ። ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ሰፊ ቦታ አለው። ዳገት ላይ ረጅም ሐሳብ አይታሰብም። ነገሩ ሳያልቅ ትንፋሹ ያልቃል። ቂሙ ከወገቡ ይቆረጣል፤ ጭንቀቱ «ምን ይሻለኝ» ብሎ ይጀምርና ሳይጨርስ ይቀራል። ጥቂት ቆይቶ ያለው እግር፣ ትንፋሽ፣ እግር፣ ትንፋሽ ነው።

ለዚህም ምክንያት አለ። 3,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠረፍ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ሰውነት ሲለምደው ተጨማሪ ቀይ የደም ሕዋስ እየሠራ ጉድለቱን ይሞላል፤ አትሌቶቻችን ገና ሳይነጋ በእንጦጦ ጫካ የሚሮጡትም ለዚህ ነው። ለሯጩ ስሱ አየር ጉልበት ነው። ለዝግተኛው መንገደኛ ልክ ነው፤ በትንፋሹ መጠን እንዲራመድ ያስገድደዋል። ታች ባለው ኑሮ ሰው በትንፋሹ መጠን የሚራመድበት ሰዓት ጥቂት ነው።

ደክሞት የሚቀመጥበት ድንጋይም የራሱ ዓለም አለው። በሰሜን ጎኑ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ በስንጥቁ ውስጥ ያለፈው ሌሊት ጠል ገና አልደረቀም፤ ጉንዳኖች የወደቀ የባሕር ዛፍ ፍሬ ዙሪያ ይመላለሳሉ። ቆሞ ለሚያልፍ ሰው ድንጋይ ነው። ለተቀመጠ ሰው፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ሌላ የሚያየው ነገር ለሌለው ሰው፣ ድንጋዩ ይከፈታል። ድካም ማየትን ያስተምራል፤ ቀና ብሎ መሄድ ያቃተው ዝቅ ብሎ ያያል።

ከዚያ በላይ ድምፁ ይለወጣል። ከተማው ዝም አይልም፤ ይዋሐዳል። ታች እያንዳንዱ ድምፅ ባለቤት ነበረው፦ ያ ጥሩንባ የዚያ ታክሲ፣ ያ መዶሻ የዚያ ግንብ፣ ያ ጥሪ የዚያ ረዳት። ከፍ ሲሉ ባለቤቱ ይጠፋና አንድ ወጥ ጉምጉምታ ይቀራል። ከአንዱ ወገን ቅዳሴ፣ ከሌላው አዛን ሽቅብ ይመጣል፤ ከተራራው ወገብ የሚደርሱት ተቀላቅለው ነው። ጸጥታ የድምፅ አለመኖር ከሆነ እንጦጦ ላይ ጸጥታ የለም። ቅጠሉ ይንሿሿል፤ ርግብ ትጠራለች፤ ከሩቅ መጥረቢያ ይሰማል። ነገር ግን ከሚሰሙት ድምፆች አንዱም መንገደኛውን በስሙ አይጠራውም። የሚያሳርፈውም ይኸው ነው።

በዚህ መሐል ሌላ እግር ይሰማል። እንጨት ተሸካሚዎቹ ሴቶች ይወርዳሉ። ጀርባቸው ላይ የታሰረው ጭራሮና ቅጠል ከእነርሱ ይሰፋል፤ ጫፉ የመንገዱን ጥግ እየጠረገ ያልፋል። ፊታቸው ወደ መሬት ነው። እርሱ ባዶ እጁን ይወጣል፤ እነርሱ ተሸክመው ይወርዳሉ። ለእርሱ ዕረፍት የሆነው መንገድ ለእነርሱ የዕለት እንጀራ ነው። ይህን አይቶ የመጣበትን ሰላም እንደ ቅንጦት ቆጥሮ የሚያፍር ሰው ይኖራል፤ ማፈሩ ግን ሸክም አያቀልም። የሚገባው መንገድ መልቀቅ፣ ከጥግ ቆሞ ማሳለፍ፣ «አይዟችሁ እናቶቼ» ማለት ነው። እነርሱም ከሸክሙ ሥር ሆነው «እግዜር ይስጥልን» ይላሉ። ተራራ ላይ ብቻውን የወጣ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ የሚያውቀው እዚህ ላይ ነው። ከዚህ በኋላ የሚሰማው ሰላም ክብደት አለው።

ላስተዋለው፣ አዲስ አበባ ካላት ብዙው ከዚህ ዳገት የወረደ ነው። ከተማዋ ራሷ ወርዳለች። የምኒልክ ቤተ መንግሥት አስቀድሞ እዚህ ላይ ነበር፤ ነፋሱና ብርዱ ጠና፣ ማገዶውም ራቀ። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍል ውኃው አጠገብ ቤት አሠሩ፤ ለአዲሱ ሰፈር ስም አወጡለት፤ መኳንንቱም ሠራዊቱም ተከትሎ ወረደ። ውኃውም ይወርዳል፤ ቀበና እና ግንፍሌ ከዚሁ ተዳፋት ተነሥተው ከተማውን ሰንጥቀው ያልፋሉ። እንጨቱ ይወርዳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ካዛንቺስ ላይ ሁለተኛ ብርድ ልብስ የሚያስደርበው ቀዝቃዛ አየር እንኳ ከዚሁ ጎን እየተንሸራተተ የሚወርድ ነው። ብቸኛው መንገደኛ ሁሉ በሚወርድበት መንገድ ይወጣል፤ የወረደውን ነገር ወደ ጀመረበት ይከተለዋል።

ባሕር ዛፉ ግን እዚህ አልጀመረም፤ አገሩ አውስትራሊያ ነው። በምኒልክ ዘመን የእንጦጦ ጽድና ወይራ ለቤት ሥራና ለማገዶ ተመንጥሮ ተራራው ተራቁቶ ነበር። የማገዶው እጥረት ንጉሠ ነገሥቱን ዋና ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ ማሰብ አድርሷቸዋል። ፈጥኖ የሚያድገው መጤ ዛፍ ሲተከል ከተማው በቦታው ቀረ። ያው ዛፍ ውኃ ይጠጣል፣ ከጥላውም ሥር ብዙ አያበቅልም ተብሎ ይወቀሳል፤ አገር በቀሎቹ ዛፎችም በተራራው ላይ እንደገና እየተተከሉ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ዛፉ ከተማውን አድኗል፤ ዛፉ ከተራራው ብዙ ወስዷል። በጫካው የሚያልፍ ሰው አንድ ቅጠል ቀጥፎ በጣቶቹ መካከል ሲያሸው በልጅነቱ ጉንፋን ሲይዘው እናቱ ያጠነችውን ሽታ ያገኛል። ባለውለታና ተወቃሽ በአንድ ቅጠል ላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ለመፍረድ አይቸኮልም።

ጫፉ ሲደረስ ሹል አይደለም። ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተጋደመ ረጅም ጀርባ ነው፤ ጀርባውም የውኃ ወሰን ነው። ወደ ደቡብ የወደቀ የዝናብ ጠብታ ከተማውን አቋርጦ አቃቂ፣ ከአቃቂ አዋሽ ይገባል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ ከአፋር በረሃ ዳር አቤ ሐይቅ ላይ ያልቃል። ወደ ሰሜን፣ በሱሉልታ በኩል የወደቀው በሙገር አድርጎ ዓባይን ያገኛል፤ ሱዳንንና ግብፅን አልፎ ከሜዲትራኒያን ባሕር ይደርሳል። ከአንድ ደመና የወረዱ ሁለት ጠብታዎች ናቸው፤ በሚወድቁበት ቦታ መካከል ያለው ርቀት የአንድ ሰው እርምጃ ላይሆን ይችላል። አንዱ ለበረሃ፣ አንዱ ለባሕር።

ጀርባው ላይ የቆመ ሰው ይህን ሲያስብ ዝም ይላል። «ያኔ እንዲህ ባደርግ ኖሮ» እያለ የተብሰለሰለበት ነገር የሌለው ሰው የለም፤ ሕይወቱ ከዚያች እርምጃ ወዲህ ወደ ሌላ ሸለቆ የፈሰሰች ይመስለዋል። ጠብታው ግን የሚወድቅበትን ጎን አልመረጠም። አዋሽ የገባውም በከንቱ አልፈሰሰም፤ በመንገዱ ቆቃን ሞልቷል፣ የመተሐራን ሸንኮራ አጠጥቷል፣ የአፋርን ግመል አርክቷል። ባሕር ያልደረሰ ሁሉ የጠፋ አይደለም። ይህን ታች ሆኖ ቢነግሩት የሚያጽናና ቃል ብቻ ይመስለው ነበር። እዚህ ግን የምድሩ አቀማመጥ ነው፤ በእግሩ ቆሞበታል።

ጠራ ባለ ቀን ደቡቡ ይከፈታል። በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፣ ከሁሉም ርቆ አድማሱ ላይ ዝቋላ። ዝቋላ አናቱ ላይ ሐይቅ ይዟል፤ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገዳም እዚያ ነው፤ በጥቅምት 5 እና በመጋቢት 5 ሕዝብ ይወጣዋል። አባቶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ሰላምን ሲፈልጉ ከፍታን መርጠዋል፤ ደብረ ዳሞ እስከ ዛሬ በገመድ ይወጣል። መናኝን ከዓለም እንደ ሸሸ ሰው እንቆጥረዋለን። ነገር ግን ከዝቋላም ሆነ ከእንጦጦ አገሩ ሁሉ ይታያል። ሰማዩም እንዲሁ ነው፤ የአገሪቱ ሁለት ትልልቅ ቴሌስኮፖች፣ እያንዳንዳቸው ባለ አንድ ሜትር መስታወት፣ በዚሁ በእንጦጦ ጀርባ ላይ ተተክለዋል። ከፍታ የሚፈለገው ለማየት ነው። መናኙም ስለ አገሩ የሚጸልየው እያየው ነው።

ከዚህ ላይ ካዛንቺስን ነጥሎ ማግኘት ያስቸግራል። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች አቅጣጫ ይጠቁማሉ፤ የኡራኤል ጉልላት የቱ እንደሆነ ግን ዓይን ይጠራጠራል። ጎልቶ የሚታየው ዝንባሌው ነው። ቆርቆሮው፣ መስታወቱ፣ ያላለቀው ግንብና ክሬኑ ሁሉ በአንድ ተዳፋት ላይ ሆኖ ከተማው ወደ ደቡብ ዘንበል ብሏል። ታች ሆኖ ሲታይ ሰፈሩ ለብቻው የቆመ ይመስል ነበር፤ የሰውየውም ጭንቀት ለብቻው የቆመ ይመስል ነበር። ከላይ ሲታይ ካዛንቺስ ተራራው የዘረጋው እግር ነው። ማለዳ በሩን ሲዘጋ ወደ ተራራው የሚሄድ መስሎት ነበር፤ በሩ ራሱ ተራራው ላይ ነው።

መውረድ ለጉልበት ይከብዳል፤ ለሐሳብ ይቀላል። ሽሮ ሜዳ ላይ ድምፆቹ ባለቤታቸውን መልሰው ያገኛሉ፤ ዝቅ ሲሉ የ1929 እና የ1933 ሐውልቶች በተራቸው ያልፋሉ፤ ስልኩ ይጮኻል፤ ኪራዩም፣ ክፉ ቃሉም ከነበሩበት አሉ። ተራራው ከእነዚህ አንዱንም አልፈታም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰውየውን ለጥቂት ሰዓት በትንፋሹ ልክ ማራመዱ ነው፤ በትንፋሽ ልክ ሲሄድ ደግሞ የትኛው ሸክም የራሱ፣ የትኛው የአየሩ እንደሆነ ይለያል። ሰላም የምንለው ከዚህ ብዙም የራቀ አይመስለኝም።

እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰላም ገንዘብና ረጅም ዕረፍት የሚጠብቅ የካዛንቺስ ሰው፣ የቂርቆስ ሰው፣ ከካዛንቺስ ተነሥቶ በከተማው ዳር የሰፈረም ሰው መጠበቁን ይተው። ጫካው ለብቸኛ መንገደኛ ሁልጊዜ ደኅና አይደለምና ምእመናንና ሯጮች መንገዱ ላይ በሚበዙበት የማለዳ ሰዓት ይውጣ፤ የሚሄድበትን ለአንድ ሰው ነግሮ ይሂድ፤ ውኃና ሹራብ ይያዝ፤ እንጨት የተሸከመች ሴት ስታጋጥመው መንገድ ይልቀቅላት። አይቸኩል።